በሰፈር የአካባቢ ጥበቃ ፌስቲቫል ላይ ዘጋቢ ፊልም ማሳየትና ማወያየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰፈራችን ፌስቲቫል የፊልምና የውይይት ድንኳኑን ለጥቂት ዓመታት ከጓደኞቼ ጋር ሳስተባብር ቆይቻለሁ፤ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀንን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጬዋለሁ።

ዘጋቢ ፊልም ምንድን ነው? ዜና ነው ወይስ ፊልም?

ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለው። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ቦታው እውነተኛ ነው፣ ተዋናይ የለም። ግን እንደ ዜና ሁለት ደቂቃ ተናግሮ አይሄድም። ከአንድ ገበሬ ወይም ከአንድ ሐይቅ ጋር ዓመታት ሊከርም ይችላል።

በቴሌቪዥን የለመድነው ሌላ ዓይነት «ዶክመንተሪ» አለ። ከኋላው ሙዚቃ፣ ወፍራም ድምፅ፣ ሪባን የሚቆርጥ ኃላፊ። እሱ ብዙውን ጊዜ የሥራ ሪፖርት ነው። እኛ ድንኳን ውስጥ የምናሳየው እሱን አይደለም።

ለምን ፊልም? አንድ ባለሙያ ጠርቶ ማስተማር አይበቃም?

ሞክረነዋል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ባለሙያ ጠርተን ስለ አፈር መሸርሸር አርባ ስላይድ አሳዩን። ሰውየው አዋቂ ናቸው፣ የተናገሩትም ሁሉ ልክ ነው። ግን ሃያኛው ስላይድ ላይ ስንደርስ ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው የእድሩ ዳኛ፣ እኛ አስተባባሪዎችና ጥላ ፈልገው የገቡ ሁለት ሊስትሮዎች ብቻ ነበርን።

በሚቀጥለው ዓመት አጭር ፊልም አሳየንና ዝም አልን። አንዲት እናት ተነስተው «እኛ አገር እኮ ወንዙ እንዲህ ነበር» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ማን ያቁማቸው! ከኋላ ሌላ ሰው «የት አገር?» አላቸው፣ እሳቸው መለሱ፣ ሌላው ደግሞ የራሱን ቀጠለ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰዓት ሄደ። ፊልሙ ወሬውን ከፈተ እንጂ ብዙም አላስተማረም። ከዚያ ወዲህ ፊልም ስንመርጥ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ሰው ምን ያወራል? የሚያወራው ከሌለ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅር።

መግቢያ ይከፈላል? ልጅ ይዞ መምጣትስ ይቻላል?

አይከፈልም። ልጆችም ይምጡ፤ ፊት ላይ ሰሌን እናነጥፍላቸዋለን። ፈንዲሻ አለ፣ ቡናም ይፈላል። የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን ስለምናቀርብ ብርጭቆ ወይም የራሳችሁን ኮዳ ያዙ። ልጅ ቢረብሽ አትጨነቁ፤ የፕሮጀክተሩን ገመድ እስካልረገጠ ድረስ ችግር የለም።

ፊልሙ ስንት ደቂቃ ይሁን? በስንት ሰዓትስ ይጀመር?

ከሠላሳ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። የዘጠና ደቂቃ ፊልም ያለ ውይይት ያልቃል፤ ሰው ደክሞት፣ ታክሲ ሳያልፈው ሊሄድ ይነሳል። ረጅሙን የግድ ማሳየት ከፈለጋችሁ አንድ ክፍሉን ብቻ አሳዩና የቀረውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ሜዳ ላይ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ሳይጨልም ምስሉ አይታይም። ማስታወቂያው ላይ ግን 12 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። ለምን እንደሆነ አበሻ ለሆነ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የትኞቹን ፊልሞች እንምረጥ?

ይህን የማይጠይቅ የለም፤ ከእኛ የሚፈልገውም የስም ዝርዝር ነው። ዝርዝር ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። የዋልታ ድብ በሚያሳይ ፊልም አትጀምሩ። በረዶው ሲቀልጥ ማየት ያሳዝናል፣ ግን እማማ ከዋልታ ድብ ጋር ምን አላቸው? ሰው በእጁ ነክቶት ከሚያውቀው ነገር ተነሱ። አፈር፣ ውሃ፣ ማገዶ፣ ቆሻሻ፣ ዛፍ።

እኛ ጋ እስካሁን አቻ ያልተገኘለት ስለ ቤተክርስቲያን ደኖች የተሠራው አጭር ፊልም ነው። አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ኢንተርኔት ላይም በነጻ ይገኛል። በደቡብ ጎንደር ከላይ ሲታይ ምድሩ ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ፣ መሃል መሃሉ ላይ እንደ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለ አረንጓዴ አለ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሃል ቤተክርስቲያን አለ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ኮሶው ሌላው ቦታ ሲጨፈጨፍ እዚያ የቀረው ሰው ስላከበረው ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር የሠሩት ነገር ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ከብት እንዳይገባ ደኑን በድንጋይ አጥር ማጠር። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው፣ ስለዚህ ማሳውም ይጸዳል። ይህን ፊልም አሳይተን አንድ ቄስ እንዲናገሩ ስንጋብዝ ከማንም ፕሮፌሰር በላይ ተደመጡ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቀጥለው በመቃብር ቦታና በመስጊድ ግቢ ስለቀሩ ዛፎች አነሱ። ይህንን እኛ አላሰብነውም ነበር።

ሁለተኛው የቡርኪና ፋሶው ገበሬ የያኩባ ሳዋዶጎ ታሪክ ነው። በረሃውን ያቆመው ሰው የሚባለው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድርቁ ሰዉን ሲያሰድድ እሱ ቀረ። በደረቁ ወቅት ድንጋይ በሆነው መሬት ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ፍግ ጨመረበት። ፍጉ ምስጥ ጠራ፤ ምስጡ መሬቱን ነደለው፤ ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ወደ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ እብድ ነው ተባለ። በኋላ ደን አበቀለ፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ፣ በ2023 መጨረሻ ላይ አረፈ። ከዚህ ፊልም በኋላ ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ ስለ እርከን ያወራል። በተለይ የኮንሶ ሰው ካለ ማይኩን ስጡትና ተቀመጡ። የኮንሶ እርከን በ2011 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ነው፤ ባለቤቱ እያለ እኛ ምን እናስረዳለን?

ሦስተኛ ካስፈለጋችሁ ዛፍ በመትከል ስለምትታወቀው ኬንያዊት ስለ ዋንጋሪ ማታይ የተሠራ አንድ ፈልጉ። ስለ እሷ ወደታች እመለስበታለሁ።

ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ ሰዎች እንዴት ይከታተላሉ?

ሰብታይትል ትልቅ ነገር ነው ብላችሁ አትመኑ። ጽሑፉ ሳይነበብ ያልፋል፤ መነጽራቸውን ቤት የረሱ አሉ፤ ማንበብ የማይችሉም አሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ የፊተኛው ራስ ይጋርደዋል።

ለእኛ የሠራልን የድሮው የቪዲዮ ቤት ዘዴ ነው። የህንድ ፊልም ስናይ አንዱ ተነስቶ፣ ህንድኛ አንዲት ቃል ሳያውቅ፣ «አሁን እናቱን የገደለው እሱ መሆኑን አወቀ» እያለ ይተረጉምልን አልነበር? እሱን ነው የምናደርገው፣ ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው። አንድ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ፊልሙን ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያያል፣ ዋና ዋናውን በወረቀት ይጽፋል፣ ምሽት ላይ ማይክ ይዞ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ እያደረገ ይተርካል። እያንዳንዱን ቃል አይተርጉም፤ ዝም የሚባልበትን ቦታ ይወቅ። የዝናብ ድምፅ ሲመጣ የሚያወራ ተራኪ ካላችሁ ቀይሩት።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል? መብራት ቢጠፋስ?

ፕሮጀክተር፣ ላፕቶፕ፣ ስፒከር፣ ረጅም ኤክስቴንሽን፣ ነጭ አንሶላ። አንሶላው ይበቃል፣ ግን አራቱንም ጥግ ወጥሩት፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ገበሬው የሚዋኝ ይመስላል። ገንዘብ ካላችሁ ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ላይ አውጡት፤ ደብዛዛ ምስል ሰው ይታገሳል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገስም። ፊልሙን ፍላሽ ላይም ላፕቶፑ ላይም ያዙት። በኢንተርኔት በቀጥታ አጫውታለሁ የሚል ሰው ካለ እንዳትሰሙት።

መብራት ይጠፋል። «ቢጠፋስ» ብላችሁ አታስቡ፣ እንደሚጠፋ ቁጠሩት። ጄኔሬተር ካላችሁ ከአጥር ኋላ አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ስለ አየር ብክለት እያወራችሁ ጭሱ ሰው ላይ እንዳይመጣ (ደርሶብናል፣ ሰዉ ስቆ ሊሞት ነበር)። ከሌላችሁ ባትሪ ያለው መብራት ያዙና ፊልሙ ከቆመበት ውይይቱን ጀምሩ። አንድ ጊዜ ፊልሙ አጋማሽ ላይ ጠፍቶብን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በፋኖስ ተወራ። ሰዎች ዛሬም የሚያነሱት ያንን ምሽት ነው። የፊልሙን መጨረሻ እስካሁን ያላዩ አሉ።

ከዩቲዩብ አውርዶ ማሳየት ይቻላል?

ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ማየትና ሜዳ ላይ ለሁለት መቶ ሰው ማሳየት አንድ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኛም አገር አለ፤ ሥራን ለሕዝብ ማቅረብ የባለመብቱ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው። «በነጻ ነው የማሳየው» ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ደስ የሚለው ነገር የአካባቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ፊልማቸው እንዲታይ ይፈልጋሉ። አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምታሳዩ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ገንዘብ እንደማትሰበስቡ። እኛ ከጻፍንላቸው አብዛኞቹ ፈቅደውልናል፤ አንዱማ ጥራቱ ከፍ ያለ ቅጂ ጨምሮ ላከልን። ያልመለሱልንን ትተናል። በየፊልሙ ድረ ገጽ ላይ ለማኅበረሰብ ማሳያ የሚሆን ቅጽ መኖሩንም እዩ፤ ብዙዎቹ አላቸው።

ከወረዳ ፈቃድ ማውጣት አለብን?

ሳታሳውቁ አትጀምሩ። ድንኳን ተክሎ፣ ስፒከር ከፍቶ፣ በምሽት ሰው ሰብስቦ «እኛ እኮ ስለ ዛፍ ነው» ማለት አያስኬድም። ደብዳቤ አስገቡ፣ የሚታዩትን ፊልሞች ርእስ ጻፉ፣ ለአካባቢው ፖሊስም ንገሩ። ደብዳቤው በእድሩ ወይም በወጣት ማዕከሉ ስም ቢሄድ ነገሩ ይቀላል። ድንኳንና ወንበርም ከእድር ነው የሚገኘው፤ በዚያ ሳምንት ለቅሶ ካለ ግን ለቅሶው ይቀድማል፤ ቀናችሁን ለመቀየር ተዘጋጁ።

ተናጋሪ ማን ይሁን?

በአካባቢ ጥበቃ ዲግሪ ያለው ሰው መጥፎ ነው አልልም፤ እንዲያውም አንድ ይኑር፤ ሰው የተሳሳተ ነገር ሲናገር የሚያርም ያስፈልጋል። ግን ዋናው ተናጋሪ ሥራው ላይ ያለ ሰው ይሁን። ስለ ፕላስቲክ ባወራንበት ዓመት የጋበዝነው በሰፈሩ የሚዞር ቁራሌው ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጠነው። ሃይላንድ በኪሎ ስንት እንደሚገዛ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ ክዳኑ ለምን ለብቻ እንደሚለይ፣ ፌስታል ለምን ማንም እንደማይገዛው ነገረን። «ፌስታል ክብደት የለውም፣ ቆሻሻ ነው፣ ታጥቦ እስኪደርቅ የልፋቱን አያወጣም» አለ። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ዋጋ ያለው ዕቃ መንገድ ላይ አያድርም፣ ዋጋ የሌለው ቱቦ ይደፍናል። ፌስታልን የሚከለክለው ሕግ በ2017 ዓ.ም. በፓርላማ ሲጸድቅ ሰፈራችን ውስጥ ምክንያቱን ቀድሞ ያስረዳን እሱ ነበር። ያን ቀን ዘንቢል ይዘው የመጡ እናቶች ዘንቢላቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት።

ማገዶ ላይ ከሆነ ደግሞ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ጋብዙ። ማገዶ ቆጣቢዎቹን ምርጥ ምድጃና ላቀች ምድጃ አጠገባቸው አስቀምጡና እያሳዩ ይናገሩ። ማገዶ መቆጠቡን ከብሮሹር ይልቅ ከሳቸው ነው ሰው የሚያምነው፤ የማይመቻቸውንም ይናገራሉ። አንዷ «ምጣዱ ላይ ለመድረስ ቁመቴ አይበቃም» አሉን። ይህ በየትኛው ሪፖርት ላይ ይገኛል?

ጥያቄና መልስ ላይ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ሃያ ደቂቃ ቢያወራስ?

ያወራል። ሁሌም አንድ አለ፣ ብዙ ጊዜም ክራቫት አድርጓል። ማይኩን ለእጁ አትስጡ፤ አወያዩ ይዞለት ይቁም። መጀመሪያ ላይ ለአዛውንትና ለልጆች እድል ስጡ፤ ልጆች አጭር ይጠይቃሉ፣ ከባድም ይጠይቃሉ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ወንዙ ውስጥ ሽንት ቤት የሚለቁት ሰዎች እዚህ መጥተዋል?» አለች። ከዚያ በኋላ ንግግር የሚያደርግ ሰው አልነበረም።

ሴቶች ዝም ካሉ ወንዱን ዝም አሰኝታችሁ አትጨቃጨቁ። ቡናው ጋ ሂዱና ወሬውን እዚያ ጀምሩት፣ ማይክ የለም፣ መድረክ የለም። የሰፈሩ ውሃ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ያወቅነው እዚያ ነው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። እዚህስ የት ማየት እችላለሁ?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የአካባቢ ፊልም ፌስቲቫል ከተማችሁ ውስጥ አለ፣ በመጋቢት አካባቢ ይካሄዳል፣ በነጻ የሚታዩ ፊልሞችም አሉት። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ የቤተመጻሕፍት አዳራሽ ጠይቁ፤ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ምግብ በሚበላበት አዳራሽ የቤተክርስቲያን ደኖቹን ፊልም አሳዩ። የት እንደተወለዳችሁ ለልጆቻችሁ ለመንገር ጥሩ ሰበብ ነው።

ስፖንሰር አድርገን የሚል ድርጅት ቢመጣ እንቀበል?

አንድ ውሃ አሽጎ የሚሸጥ ድርጅት መጥቶ ነበር፣ ስሙ ይቆየን። ገንዘብ ይሰጣል፣ ሁለት መቶ ካርቶን ውሃም ይሰጣል፣ ከስክሪኑ በላይ ትልቅ ባነር ይሰቅላል። የዚያ ዓመት ፊልም ስለ ፕላስቲክ ነበር! ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ግማሾቻችን «ገንዘቡ ፕሮጀክተር ይገዛል» አልን (እኔ ከነሱ ነበርኩ)። በመጨረሻ አልተቀበልንም፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ ሜዳው ላይ የሚንከባለለውን ባዶ ሃይላንድ ማን ይለቅም ነበር?

አሁን ያለን ደንብ አጭር ነው። ፊልሙን አስቀድሜ ልይ፣ ተናጋሪውን ልምረጥ፣ ይህ ጥያቄ አይነሳ የሚል ሰው ገንዘቡን ይዞ ይሂድ። እንዲህ ካላለ፣ ወንበር ቢከራይልን፣ ሻይ ቢያፈላ፣ ስሙን ተራኪው አንዴ ጠርቶ ያመሰግነዋል።

ፊልሙ የሚለው ሁሉ እውነት ነው?

አይደለም። እውነተኛ ሰው ስላሳየ ብቻ ሁሉም ልክ ነው ማለት አይቻልም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣውንና የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር የሚያቀርበውን ታዋቂ የአየር ንብረት ፊልም ውሰዱ። ኦስካር አግኝቷል፣ ዓለምን ያነጋገረ ፊልም ነው። በ2007 ግን እንግሊዝ አገር በትምህርት ቤት መታየቱን በመቃወም ክስ ቀረበ፤ ዳኛው በአጠቃላይ ሲታይ ልክ ነው፣ ዘጠኝ ቦታ ላይ ግን ከሳይንሱ አልፎ ሄዷል ወይም ማስረጃ ጎድሎታል አሉ። አልከለከሉትም፤ ከመምህር ማብራሪያ ጋር ይታይ ነው ያሉት። ከዘጠኙ ውስጥ ሁለቱ የእኛው ሰፈር ጉዳዮች ናቸው፤ የኪሊማንጃሮ በረዶና የቻድ ሐይቅ። ሁለቱም እየቀነሱ እንደነበር ማንም አልካደም። ጥያቄው ምክንያቱ የአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ነው ወይ የሚል ነበር።

የኛው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅም ሁሉንም ነገር የአየር ንብረት ላይ መለጠፍ ቀላል ነበር። ግን ከሐይቁ ለከተማና ለመስኖ ይቀዳ የነበረው ውሃ፣ ከዳገቱ እየታጠበ የሚገባው ደለልም አለ። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ አወያዩ «ፊልሙ ያልነገረን ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። እኛ ጋ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ አለ።

ባህር ዛፍ ላይ ሁሌ ጠብ ይነሳል። ምን እናድርግ?

ይነሳ! ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው የሚነሳው። አንዱ ወገን ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ምንም አያበቅልም፣ ይነቀል ይላል። ሌላው የልጄን ትምህርት የከፈልኩት በእሱ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የገባው አዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀባት ነው፤ ከተማዋ ሳትነሳ እዚሁ የቀረችው በእሱም ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ዛሬም ለግንባታ ድጋፍ የሚቆመው አጣና ከየት ይመጣል?

ከሞላ ጎደል የምንስማማው የት ይተከል የሚለው ላይ ነው። ምንጭ አናት ላይና ወንዝ ዳር አይሁን፣ ለእህል የሚሆን መሬት ላይም አይሁን። «ዛፍ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚል ፊልም ካሳያችሁ ይህ ጠብ ይጠብቃችኋል፤ እናንተም የአንዱን ወገን ቲፎዞ አትሁኑ።

ነገሩ ፖለቲካ ሆኖ ቢቀየርብንስ?

ዋንጋሪ ማታይ ዛፍ መትከል የጀመረችው በ1977 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1989 ናይሮቢ መሃል ያለው ኡሁሩ ፓርክ ላይ ስድሳ ፎቅ ሊቆም ሲል ተቃወመች። እብድ ተባለች፣ ተሰደበች፣ ሕንጻው ግን ቀረ፤ በ2004 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። እንግዲህ ፓርክ ላይ ሕንጻ አይሠራ ማለት ፖለቲካ ነው አይደለም ብላችሁ ራሳችሁ ፍረዱ። መሬት፣ ውሃና ቆሻሻ ያለበት ወሬ የሆነ ቦታ ላይ ባለሥልጣን መንካቱ አይቀርም።

እኛ የምናደርገው ጥያቄውን ወደ ሚቆጠር ነገር ማውረድ ነው። ለምሳሌ አረንጓዴ አሻራ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ ይስቃል። አወያዩ «እናንተ የተከላችሁት ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ ይጠይቅ። ያኔ ሰው የራሱን ያወራል። አንዱ ፍየል በላብኝ ይላል፣ አንዱ ውሃ የሚያጠጣ ጠፋ ይላል፣ አንዷ የኔ ዘይቱን ፍሬ ሰጠ ትላለች። በዚህ ጥያቄ ከመንግሥት ጋርም ከተቃዋሚ ጋርም አልተጣላንም። ብሔር ውስጥ ከገባ ግን ቡና ደርሷል በሉ።

ሰው አዝኖ፣ ተስፋ ቆርጦ ቢሄድስ?

ይህ ያመኝ ጥያቄ ነው። አንድ ዓመት ስለ ቆሻሻ የሚያወራ ፊልም መረጥን፤ የሌላ አገር የቆሻሻ ክምር ነው፣ ልጆች ከላዩ ሲለቅሙ ያሳያል። ጥሩ ፊልም ነው። አጋማሽ ላይ አንዲት ሴት ተነስታ ወጣች። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው እንደሞተ ታስታውሳላችሁ። የሷ ዘመድ ከነሱ አንዱ ነበር። እኛ አላወቅንም፣ ለማወቅም አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ ከባድ ፊልም ሲኖር ቀድመን እንናገራለን፤ ምን እንደሚያሳይ፣ መውጣት የሚፈልግ መውጣት እንደሚችል። በሩ አጠገብ ሁለት ሰው ቆሞ የወጣውን አይቶ አብሮ ይቀመጣል። ሀዘኑን ለማጥፋት ብለን ግን በግድ ደስ የሚል ፊልም ከኋላው አንለጥፍም። የጣና እምቦጭን ፊልም ካሳያችሁ በኋላ «ግን ተስፋ አለ» የሚል ዘፈን መክፈት ሰዉን መናቅ ነው። አረሙ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐይቁ ላይ አለ፤ በእጁ ሲነቅል የከረመው ገበሬ ተስፋ ምን እንደሆነ ከኛ በላይ ያውቃል።

የራሳችንን ፊልም በስልክ ብንሠራስ?

ሥሩ፣ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። የኬንያው ገበሬ ኪሲሉ ሙስያ ካሜራ ተሰጥቶት ዓመታት የራሱን ቤትና ማሳ ቀርጿል፤ ዝናቡ ሲቀር፣ ጎርፉ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ስትቆጣው ሳይቀር። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ድረስ ሄዶ በአየር ንብረት ጉባኤው ላይ ተገኝቷል፤ ከኖርዌጂያዊቷ ጁሊያ ዳር ጋር የሠሩት ፊልምም በ2017 ወጣ። የሱ ፊልም የተሳካው ቀራጩ ራሱ ባለጉዳይ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ድህነት ሲቀርጽ ግን ነገሩ ይለያል።

እኛ በሰፈራችን ስለሚያልፈው ወንዝ 11 ደቂቃ ፊልም ሠርተን ነበር። ቆንጆ ነው አልን። ሜዳ ላይ ከማሳየታችን በፊት ወንዙ ዳር የሚኖሩትን ጠርተን በላፕቶፕ አሳየናቸው። አንዲት እናት በዚያ ውሃ ልብስ ሲያጥቡ ይታያሉ። «ይህን ልጄ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ቢያዩትስ?» አሉ። ስንቀርጻቸው ፈቅደው ነበር፤ ፊልም ውስጥ ምን እንደሚመስሉ ግን በዚያን ጊዜ እንዴት ይወቁት? ቆርጠን አወጣነው። የአንድ ልጅ ፊትም አወጣን፣ አንድ የመጸዳጃ ቱቦ ከየትኛው ግቢ እንደሚወጣ የሚያሳየውን ግን፣ የግቢው ባለቤት ቢቆጣም፣ እንዳለ ተውነው። ፊልሙ 9 ደቂቃ ሆነ።

ፊልሙን ላኩልን ለምትሉን ብዙዎች፦ በፍላሽ ይዘን መጥተን እናሳያችኋለን፣ ከወንዙ ዳር ሰዎችም አንድ ሁለት አብረውን ይመጣሉ። ኢንተርኔት ላይ አንጭነውም፤ የተስማማነው እንዲያ ነው።